የሁለት ሰው ካፖርት

ልብስ ሰፊው ሚሊ ባሕር ማዶ ሊሄድ መሆኑን ያልሰማ ሰው በሰፈሩ ካለ፣ ያ ሰው ዕድሜ ልኩን ሱሪ አሳጥሮ አያውቅም ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ሰምቷል። ቁልፍ ሊያስተክል የገባ አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሰምቶ ይወጣል፤ ዚፕ ሊያስቀይር የመጣ እዚያ አገር በረዶ እስከ ጉልበት እንደሚደርስ ተነግሮት ይመለሳል። ሚሊ የሚለውን ስም ያወጡለት እነዚሁ ደንበኞቹ ናቸው። ሰውን መስታወት ፊት አቁሞ "እዚህ ጋ አንድ ሚሊ ተርፋለች፣ እዚያ ጋ አንድ ሚሊ ጎድላለች" እያለ ሲያሽከረክር ስለሚውል፣ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ፓስፖርቱ ላይ ሲያነበው ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው።

ሱቁ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር ናት። እሱና ሚስቱ የሚኖሩት እዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው የሚወጣው ከስፌት መኪናው ኋላ ካለው ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ፣ ማን ወጣ ማን ወረደ የሚለው ሁሉ በሚሊ ጆሮ ያልፋል። ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሕፃናቱ ቢቀሩም አነጋገሯ አልቀረም፤ ባሏን ዛሬም "እጅህን ታጥበሃል? አሳየኝ እስቲ" ትለዋለች፤ እሱም ያሳያል።

ጉዞው የታሰበው ለሁለት ነበር። ባሕር ማዶ ያለችው አንድያ ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ሦስት ወር አብረዋት እንዲቀመጡ ጥሪ ላከች፤ ቪዛው መጣ፤ ለሁለቱም ትኬት ተያዘ። ሚስቱ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን አሮጌ የዓለም ካርታ ከሣጥን አውጥታ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። የሕፃናት ካርታ ስለሆነ አገሩ ሁሉ በእንስሳ ነው የተሣለው። ልጃቸው ያለችበት ቦታ ላይ አንድ ወፍራም ድብ ቁጭ ብሏል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአገሩ ስም ቀረና "ድቡ ጋ ስንደርስ" ሆነ ወሬው። ድቡ ጋ ስንደርስ ጫማ እንገዛለን። ድቡ ጋ በባቡር ነው የሚኬደው አሉ። ማታ ማታ ራት በልተው ሲጨርሱ ሁለቱም ካርታው ሥር ቆመው፣ እሷ በማንኪያ እጀታ መንገዱን ትመራለች፣ እሱ ውቅያኖሱ መሐል ሲደርሱ ሆዱን ይይዘዋል።

ከዚያ ካፖርቱ መጣ። ሚሊ ከወዳጁ ከጨርቅ ነጋዴው ዘንድ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ እጅ ሲያርፍበት የሚሞቅ ሱፍ አገኘ። የጥቅሉ መጨረሻ ነበር፤ ነጋዴው "ከዚህ በኋላ በዓይንህም አታየው" ብሎታል። ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ለብሰው ከአውሮፕላን ሲወርዱ ታየው። የሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቆረጠ። የደንበኛ ቁራጭ ሲሆን ከጀርባው በጠመኔ ቁጥር ይጽፍበታል። የሚስቱ ሲሆን ግን፣ ከእጮኝነታቸው ጊዜ ጀምሮ ቁጥር ጽፎ አያውቅም፤ ትንሽ አበባ ነው የሚሥልበት። ሜትርም አያወጣላትም። ልኳን በቃሌ አውቀዋለሁ ይላል፣ አፉን ሞልቶ።

ቁራጮቹ ተደርበው ስፌት ሲጠብቁ ልጅቷ ደወለች።

"አባዬ፣ ካፖርቱ ከጉልበት በታች ይውረድ እሺ? ኮፍያም ይኑረው። እዚህ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።"

ሚሊ ቆሽቱ አረረ። የሱም የሷም ከጉልበት በላይ ተቆርጧል። ለኮፍያ የሚሆን ቀርቶ ለኪስ ክዳን የሚሆን እንኳ አልተረፈም። በማግስቱ ሚስቱን ሐኪም ዘንድ ይዟት ሲሄድ፣ መንገዱን ሁሉ የሚያስበው ስለ ኮፍያ ነበር።

ሐኪም ዘንድ የሄዱት ለከባድ ነገር አልነበረም። ሚስቱ አንድ እግሯ አብጦ አላስኬድ ስላላት፣ ለመንገዱ አንድ ቅባት ቢጤ ይሰጧት እንደሆን ብለው ነው። ሐኪሙ መርምሮ የደም ሥሯ ውስጥ ደም መርጋቱን ነገራቸው። "ለጊዜው ረጅም በረራ አይታሰብም። መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ቁጭ አይበሉ፣ በየቀኑ ቀስ እያሉ ይራመዱ። ከዚያ ተመልሰው ይምጡና እናያለን" አላት።

ሚሊ በዚያ ሰዓት የሚስቱን እጅ ይዞ ነበር። እጇን እንደያዘ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ሐሳቡ ሱቅ ገባ። በቃ፣ ጨርቁ ይደርሳል አለ በልቡ። የካፖርቷ ጀርባ ለቅጥያ፣ እጅጌዎቹ ለኮፍያ።

ይህን ማሰቡን ራሱ ሲያውቀው ክው አለ። ሰው እንዴት ሚስቱ ታመመች ሲሉት ስለ ኮፍያ ያስባል? ከዚያም የባሰ ነገር ከሥሩ ነበር። ከኮፍያው ሥር ትንሽ የእፎይታ ነገር ነበረች። እሷን በዚያ ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያ እየደገፈ፣ ሻንጣ በአንድ እጅ፣ እሷን በአንድ እጅ ይዞ እንዴት እንደሚሆን ሲጨነቅ ከርሞ ነበርና፣ ብቻዬን ብሄድ ይቀለኛል የሚል ድምፅ ውስጡ ተናገረ። ዝም በል አለው። ድምፁ ዝም አለ፤ ግን አልወጣም።

ታክሲ ውስጥ ሚስቱ በመስኮቱ እያየች "አንተ ሂድ" አለችው።

"ያላንቺ? ምን ሆኜ?"

"ልጅቷ ብቻዋን ናት። አንዳችን እንኳ እንድረስላት።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ" አለ ሚሊ። ሁለተኛ እስክትለምነው እንኳ አልጠበቀም።

ምሳ እንደበሉ፣ ትንሽ ጋደም በይ ብሎ አልጋዋን አመቻችቶላት ሱቅ ወረደ። ሁለት ቀን የዘገየ የደንበኛ ሱሪ ነበረበት፤ አልነካውም። የሚስቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸውና ቆሞ አያቸው። ሐኪሙ እናያለን ብሏል። ቢሆንም ሐኪም እናያለን የሚለው ሰው እንዳይከፋው ነው ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ መቀሱን አነሳ። ጀርባዋን ለሁለት ሰነጠቀው። እጅጌዎቿን ዘርግቶ በኮፍያ ቅርጽ ከረከማቸው። ልቡ ቅር እያለውም እጁ አልተሳሳተም። እየቆረጠ ሳለ ከግድግዳው ጀርባ አንድ ዘገምተኛ እግር ደረጃውን ሲወርድ ሰማ፤ ታች ሲደርስ ቆመ፤ ዝም አለ፤ ብዙ ቆይቶ መውጣት ጀመረ። የአራተኛ ፎቁ ጡረተኛ ደግሞ ቁልፉን ረስቶ ነው አለና መቁረጡን ቀጠለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ለሚሊ የደስታም የጭንቅም ሆነ። ሱቁ ምክር ቤት ሆነች። ድሮ አንድ ጊዜ ስብሰባ ሄዶ የተመለሰ አስተማሪ "መስኮት ዳር ያዝ፣ ሌላው ትርፍ ነው" አለው። ባለታክሲው፣ አውሮፕላን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቶ የማያውቀው፣ "መስኮት ዳር እንዳትቀመጥ፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ሰው ሁሉ ነው የምትቀሰቅሰው" ብሎ ተቆጣው። አንዷ ደንበኛ ምግባቸው አይጣፍጥም ስንቅህን ያዝ ትላለች፤ ሌላዋ ስንቅ ከያዝክ ያስሩሃል ትላለች። መቀስ በእጅ ይዞ መሳፈር አይቻልም ሲሉት ደግሞ ሰማይ ተደፋበት። ያለ መቀሱ ከሰፈር ወጥቶ አያውቅማ። በሻንጣ ሲሆን ይፈቀዳል ብለው አረጋጉት። ሻንጣውን ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ሚዛን ላይ እየወሰደ ያስመዝነዋል፤ እሷም "ጋሽ ሚሊ፣ ዛሬ ከትናንት ወፍረሃል" እያለች ትስቅበታለች።

ብቻውን ሲሆን ያፏጫል። የዚያን አገር ሰዎች ቋንቋ ከስልኩ እየሰማ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መስታወቱ ፊት ቆሞ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ሻንጣ የሚወሰደው በየት በኩል ነው?" ማለት ይለማመዳል። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ፉጨቱም ቋንቋውም አፉ ላይ ይሞታል፤ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ክር ፈላጊ ይመስላል። ደስታውን ከሷ መደበቅ የሥራ ያህል ደከመው።

እሷ ደግሞ አታዝን ነገር፣ አትከፋ ነገር። ሸሚዞቹን እያጠፈች "ካልሲህን ጫማህ ውስጥ ክተተው፣ ቦታ አይፈጅም" ትለዋለች። አንድ ቀን ትራስ በጨርቅ ጠቅልላ አሳቀፈችው።

"ሕፃን እንደዚህ አይያዝም። አንገቷን ደግፍ። አንገቷን! ጥቅል ጨርቅ መሰለችህ?"

ሚሊ የትራሱን አንገት ፈልጎ ደገፈ። እሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱ ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም፤ ትራሱን አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ቧንቧውን ከፍቶ ብዙ ቆየ። የልጅ ልጇን አንገት መደገፍ የሚገባት እሷ ነበረች፤ እሱ ግን እጅጌዎቿን ቆርጦ ለራሱ ኮፍያ አድርጓል።

ሌላ ቀን፣ ለሕፃኗ የሠራችውን ትንሽ የክር ቆብ ሻንጣው ውስጥ ሊከተው አነሳው።

"ይቆይ፣ አላለቀም" አለችና ተቀበለችው።

ያለቀ ነው። ሚሊ የእጅ ሥራ ማለቁንና አለማለቁን አይስተውም። ሆኖም ልቧ ተሰብሮ፣ ዓይኗ እያየ በሰው እጅ መላኩ መርሯት ነው ብሎ አልጠየቃትም።

ከሰዓት ከሰዓት ደግሞ ያ እግር አልቀረም። ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ይወጣል። ወደ በኋላ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ መውጣት መውረድ ጀመረ። ሚሊ ካፖርቱን ሲሰፋ እየሰማው "ይህ ሰውዬ ዛሬስ ምን ጠፍቶበት ነው?" እያለ ያጉረመርማል። ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ያገኛታል፤ እንዴት ዋልሽ ሲላት "ተኝቼ" ትለዋለች።

ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ካፖርቱ ደረሰ። የቀረው የኮፍያው ገበር ብቻ ነው። ሚሊ ለብሶት መስታወቱ ፊት ቆመ። ከጉልበቱ በታች ወርዷል፤ ቅጥያው ካልተነገረ አይታይም። ኮፍያውን ደፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ "ይቅርታ ጌታዬ" ብሎ ሲጀምር በሩ ተከፈተና ሚስቱ ገባች። የውጭ ልብሷን ለብሳለች፤ ፊቷ በርቷል።

"ሐኪሙ ፈቀደልኝ" አለች።

ሚሊ ኮፍያውን እንደደፋ ቀረ።

"ዛሬ ቀጠሮዬ ነበር። ተስፋ ሰጥቼህ ቢቀር ይከፋሃል ብዬ ነው ያልነገርኩህ። እግሬን አየው፣ በመሣሪያም አዩት፤ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ እየተነሳሁ እየተራመድኩ መሄድ እችላለሁ። ትኬቴም አለ። ልጅቷን እንዳትሰርዢው ብያት ነበር።" ትንፋሽ ወሰደች። "ምን አለ ደስ ቢልህ?"

"ደስ ብሎኛል" አለ ሚሊ። እውነቱን ነው፣ ደስ ብሎታል። ግን ኮፍያውን ቶሎ ወደ ኋላ ገለበጠው።

"አምሮብሃል ደግሞ። የኔስ የት አለ? አምጣው ልልበሰው።"

"ያንቺ… ገበር አልገባለትም። ነገ።"

"ቁራጩን ልየዋ።"

"ነገ አልኩሽ እኮ። አሁን ጨርቅ ነጋዴው እየጠበቀኝ ነው፣ ሱቅ ዝጊልኝ" ብሎ ካፖርቱን አውልቆ መስቀያው ላይ ጣለና ወጣ።

ጨርቅ ነጋዴው ማንንም አይጠብቅም ነበር። ሚሊ እያለከለከ ሲገባ አይቶ ወንበር ሰጠው። "የዚያ ሱፍ ዘር የለም" አለው። "ነግሬህ የለ? ይህን ጥቁሩን ውሰድ፤ በማታ ብርሃን ማን ይለየዋል?"

"እሷ ትለየዋለች።"

"እንግዲያው እውነቱን ንገራትና ተገላገል።"

ምክሩ ትክክል ነበር፤ ሚሊ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሦስት ሱቅ ዞረ። አንዱ ጋ ቀለሙ አለ ውፍረቱ የለም፤ ሌላው ጋ ውፍረቱ አለ ቀለሙ የለም። እየዞረ ውሸት ሲያሰናዳ ነበር። ሌባ ወሰደው ልበላት? ካውያ አቃጠለው ልበላት? እንደ ሕፃናቱ እጅህን አሳየኝ የምትለው ሴት ፊት የትኛው ውሸት ሊቆም። ባዶ እጁን ተመለሰ።

ሱቁ አልተዘጋም። ሚስቱ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። የሱ ካፖርት ጭኗ ላይ፣ መርፌና ክር ከጎኗ። ልታግዘው ብላ የኮፍያውን ገበር ልትሰፋለት ተነስታ ነበር። ኮፍያውን ገልብጣዋለች። ውስጡ ላይ፣ ሱፉ ላይ ገና ያልተራገፈ የጠመኔ ምልክት አለ።

"ይህች አበባ የኔ ናት" አለች።

ሚሊ በሩን ከኋላው ዘጋ።

"እጅጌዬ ነው አይደል?"

"ነው።"

"ጀርባውስ?"

በዓይኑ ወደ ቅጥያው አመለከታት። እሷ በጣቷ ስፌቱን ተከትላ ዙሪያውን ዳሰሰችው። አልጮኸችም። ድሮ ሕፃናት ሲያጠፉ እንደማትጮኸው ሁሉ።

"መቼ ነው የቆረጥከው?"

ባለፈው ሳምንት የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጠብቄ ጠብቄ፣ ተስፋ ስቆርጥ ነው ቢላት ታምነዋለች፤ ይቅርም ትለዋለች። ዓይን ዓይኗን አያትና አልቻለም።

"ከሐኪም ቤት የተመለስን ዕለት" አለ። "ከሰዓት።"

ሚስቱ መርፌዋን የገበሩ ጨርቅ ላይ ሰካች።

"እኔ ደረጃውን የጀመርኩት ያን ዕለት ከሰዓት ነው" አለች። "አንተ ወረድክ፣ እኔ ተነሳሁ። እስከ ታች ወርጄ መመለስ አቃተኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከግድግዳው ወዲህ መቀስህ ይሰማኝ ነበር። ሥራ ይዟል፣ ሐሳቡን ይርሳበት አልኩ።"

ሚሊ ወደ ግድግዳው ዞረ። በየቀኑ ሲያጉረመርምበት የከረመው እግር የማን እንደነበር አሁን ገባው። ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረ እግር ነው፤ የሰው እግር መስሎት ነበር።

"እፈታዋለሁ" አለ። "የኔን ሙሉውን ፈትቼ ላንቺ እሠራዋለሁ። ይበቃሻል፣ እንዲያውም ይረዝማል። እኔ አሮጌው ጃኬቴ አለ።"

"እዚያ ሄደህ እየተንቀጠቀጥክ ይቅር በይኝ ልትለኝ ነው?"

"አይደለም። ብቻ…"

"ለራስህ ሌላ ጨርቅ ፈልግ። ጥቁርም ይሁን ግራጫ፣ የራስህን ይዘህ ና። አንድ ዓይነት መልበሱ ይቅር።" ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነስታ መስታወቱ ፊት ቆመች፤ ደንበኞች የሚቆሙበት ቦታ። እጆቿን ከጎኗ ትንሽ ከፈት አደረገች። "ለካኝ።"

"ልክሽን እኮ በቃሌ…"

"አታውቀውም። ለካኝ።"

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ወገቧ ላይ አዞረው፤ ቀንሷል፣ በአንድ ሚሊ በሁለት ሚሊም አይደለም። አንደኛው ትከሻዋ ዝቅ ብሏል። ባቷ ጠንክሯል። መቼ እንደሆነ አያውቅም። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሰፋ የነበረው ለድሮዋ ነው። የለካውን ሊመዘግብ ጠመኔውን አነሳና ከልማዱ የተነሳ የመጀመሪያዋን የአበባ ቅጠል ጀመረ።

"አበባውን ተወው" አለችው በመስታወቱ ውስጥ እያየችው። "እንደ ሰው ቁጥር ጻፍልኝ።"

በመዳፉ ጠርጎ ቁጥር ጻፈ።

ሲጨርስ ሻርፏን አስተካክላ "ገበሩን ወፍራም አድርገው፣ ድቡ ጋ ብርድ ነው" ብላ ወጣች። ሚሊ የመተርተሪያ ምላጩን አነሳና ከኮፍያው ጀመረ። ጠበቅ አድርጎ ሰፍቶት ስለነበር ክሩ አልፈታ አለው። ከግድግዳው ጀርባ እግሯ መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያውን ፎቅ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሚሊም ምላጩን ከስፌቱ አንስቶ፣ እስክትቀጥል ጠበቀ።